የአባታችን ቢላዋና የሞንታናው ድብ

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ትርፌ፤ ጎባ

የባሌ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎት ይሆን እያልኩ እጀምራለሁ። ጥምቀትን በጤና ውለው እንደሆነ ተስፋዬ ነው፤ የበዓሉ በረከት ለእኛም እንዲተርፍ በጸሎትዎ ያስቡን። ስልክ ለጆሮዎ አልሆን ካለ ወዲህ በመካከላችን የቀረው መንገድ ይህ ወረቀት ነውና፣ ቤተሰቦቿን ለመጠየቅ ጎባ ለምትመጣው ለሮማን አደራ ሰጥቻታለሁ። ሮማን የልጄ የሊሊ የሥራ ባልደረባ ናት፤ ሁለት ወር ትቆያለች።

የምጽፍልዎ ስለ ልጅዎ ስለ ፍሬዘር ነው። አይደንግጡ፤ አልታመመም፣ ከሥራውም አልወጣም። ኮሜርስ ሲቲ ባለው መጋዘን ዛሬም የሌሊት ተረኛ ነው። ነገሩ ሌላ ነው።

ባለፈው እሑድ ግሌንዴል ወዳለው ቤቱ ብሄድ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ካርታ ወለሉ ላይ ዘርግቶ፣ ማዕዘኖቹን በቲማቲም ጣሳ አስይዞ፣ ተንበርክኮ አገኘሁት። ጸሎት ላይ መስሎኝ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ግቡ ጋሼ፤ ካርታውን ብቻ እንዳይረግጡት። አሁን የቆሙት ወንዙ ላይ ነው።»

«የምን ወንዝ?»

«ሞንታና ነው። በግንቦት ድብ ላድን ነው።»

«ኮሎራዶ ተራራ አለቀበት?»

«እዚህ በጸደይ ድብ ማደን ክልክል ነው። እዚያ ይፈቀዳል። ፈተናውንም ፓስ አድርጌያለሁ።»

«የምን ፈተና ነው ደግሞ?»

«ጥቁሩን ድብ ከግሪዝሊው የመለየት። ግሪዝሊው ትልቁ ነው፤ ትከሻው ላይ ጉብታ አለው። እሱን መንካት አይቻልም።»

«እሱስ አንተን እንዳይነካ ተፈትኗል?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አብሮት ሊሄድ የነበረው ዴል የሚባል አሜሪካዊ ጓደኛው የወገብ ቀዶ ጥገና አድርጎ ተኝቷል። እንዲህ ላለው አደን ከፍለው መሪ የሚቀጥሩ አሉ፤ የእርስዎ ልጅ ግን መሪ አልፈልግም ባይ ነው። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «መጋዘን ውስጥ እጄ ላይ የታሰረው ማሽን ወዴት እንደምሄድ በየደቂቃው ይነግረኛል። ተራራ ላይ ወጥቼም ሌላ ሰው ተከተለኝ ይበለኝ?» አለኝ። ባለፈው መከር ከዴል ጋር አጋዘን ሊያድን ሄዶ ባዶ እጁን ሲመለስ በፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ፣ ከስደተኛ ጣቢያ ወጥቶ እዚህ ከደረሰ ጀምሮ አይቼበት የማላውቀው ነበር።

ያም ሆኖ እፈራለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ስለ ድብ የተጻፈውን ሁሉ ማንበቤ አልቀረም፤ ባላነበብኩት ይሻለኝ ነበር። እኔን አይሰማም። እርስዎ አይሆንም ቢሉት ግን ይሰማል። አንድ መስመር ይጻፉለት።

ታናሽ ወንድምዎ
ሀይለማርያም


ጎባ
የካቲት 10 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀይለማርያም

የፈጠረህ አምላክ በሰው አገር ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ሊሊንም ይጠብቅልህ። እኔ ደህና ነኝ። ሮማን ወረቀቱን ሰጥታኝ ሳነብ ፊቴን ስታየኝ ቆየች። ሻይ አጠጣኋት፤ ምንም አልነገርኳት። ይህን በፖስታ የምልከው እሷ እስክትመለስ መቆየት ስላልቻልኩ ነው።

ድብን የማውቀው ዳዊት ከመንጋው ጠቦት ሊነጥቅ የመጣውን እንደ ገደለ ሲነበብ ሰምቼ ነው። ከቤተሰባችን ጋር ጉዳይ ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከልክዪው ብለኸኛል። አንድ ጊዜ ከልክዬዋለሁ። ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ ወደ ጴንጤዎቹ ሲሄድ፣ ከሄድህ ከማዕድህ አልቀምስም አልኩት። ሄደ። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። በአንተ በኩል ሰላም ይለኛል፤ በገዛ እጁ ግን ጽፎልኝ አያውቅም። ሁለተኛ ብከለክለው ሰላምታውም ይቀራል። በስተርጅናዬ የወለድኩት አንድ ልጅ ነው፤ ደግሜ የምከለክልበት አቅም የለኝም።

ስለዚህ አብረኸው ሂድ።

በልጅነታችን አባታችን ለአደን ሲወጡ፣ አንተ መጽሐፌ ይረጥባል ብለህ ትቀር እንደነበር አልረሳሁም። እኔ ሴት ልጅ ሆኜ ስንቃቸውን ይዤ እስከ ጫካው አፍ እሸኛቸው ነበር። አሁን ግን እኔ ጎባ ነኝ፣ አንተ እዚያ ነህ። ብቻውን አትልቀቅብኝ።

ለጆሮዬ ማዳመጫ ባትሪ ላክልኝ። ትንሿን ዓይነት።

እህትህ ትርፌ


አውሮራ
መጋቢት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ትርፌ

ጾሙን በብርታት እንዲያስፈጽምዎ እለምናለሁ። ትእዛዝዎ ደርሶኛል፤ ተቀብያለሁም። እሄዳለሁ።

ለፍሬዘር ስነግረው ከካርታው እንኳ ቀና አላለም። «ጋሼ፣ እርስዎ ሃቫና ጎዳና ላይ አውቶቡስ ሲያመልጥዎ የሚቀመጡ ሰው ነዎት» አለኝ። አውቶቡስ እንደ ድብ አያሯሩጥም ብዬ መለስኩለት። ከዚያ በኋላ ተስማማን። ሊሊ ግን ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ወፍራም ካልሲ ገዝታ አልጋዬ ላይ ጥላልኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ይህን የምጽፍልዎ ልብዎ እንዲያርፍ ነው። ዝግጅታችን የተሟላ ነው። ድብ በጸደይ ከዋሻው ወጥቶ ፀሐይ በሚመታው ተዳፋት ላይ አዲስ የበቀለ ሣር ይግጣል አሉ። አዳኙ ማዶ ተቀምጦ በአቅራቢ መነጽር ይጠብቃል። ግልገል ያላት እናት አትነካም፤ ሕጉ ነው፤ ስለዚህ ብቻዋን መሆኗ እስኪረጋገጥ ረጅም ጊዜ ይታያል። ምግብ ከድንኳን ርቆ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። እንደ በርበሬ የሚያቃጥል የሚረጭ ነገር የያዘ ጣሳም አለ፤ እሱን የምይዘው እኔ ነኝ።

ዴንቨር ውስጥ አንድ አዳኝ ትምህርት ይሰጣል ሲባል ሁለታችንም ሄደን ሰማን። ሰውየው አንድ ነገር ደጋግሞ ተናገረ፤ ፍሬዘር ቃል በቃል ተረጎመልኝ። ድብ ተመትቶ ሲወድቅ ሞተ ማለት አይደለም። ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ጠመንጃውን እንዳቀባበሉ፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ሰው የሚጎዳው በደስታ ሮጦ ሲሄድበት ነው።

እግሬ ደህና ነው። የሊሊን ሕንፃ ደረጃ በየጠዋቱ ወጥቼ እወርዳለሁ። ሌሊት ብነቃም የዕድሜ ነገር ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ባትሪውን አግኝቼልዎታለሁ፤ በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

ወንድምዎ ሀይለማርያም


ጎባ
መጋቢት 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀይለማርያም

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ለደከመው እግርህም። ደህና ነው ያልከውን አላመንኩም።

ይህን ሮማን ትሰጥሃለች። ብዙ ካሰብኩ በኋላ የደረስኩበትን እነግርሃለሁ። ልጁ ድብ ይበላል ማለት ነው። እዚያ ሥጋውን ጥሎ መሄድ ሕግ እንደሚከለክልም ሮማን ነገረችኝ። ለእኛ መዳፍ ያለው እንስሳ አይበላም። እሱ ደግሞ አሁን በሚሄድበት ቤት ይህን አይቆጥሩትም። ይሁን። ስለ መብላቱ አልከራከረውም።

ግን በክት አያድርገው። አባታችን ድኩላ ሲጥሉ ነፍሱ ሳትወጣ ለመድረስ እንዴት ይሮጡ እንደነበር ረስተኸዋል? እሾህ አይሉ፣ ገደል አይሉ። ደርሰው፣ ወደ ምሥራቅ አዙረው፣ በስመ አብ ብለው ያርዱ ነበር። ካልደረሱበት ለውሻ እንኳ አይሰጡትም። የእኛ ቤት ልጅ፣ የትም ይጸልይ የት፣ ነፍሱ የወጣን ከብት አንስቶ አይበላም። እስትንፋሱ ሳይወጣ ባርኮ ይረደው። ከእሱ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።

ባትሪውን አትላክ። እዚህ የሚነገረው ሁሉ ሳልሰማውም ይገባኛል።

ትርፌ


አውሮራ
ሚያዝያ 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ

ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ጉዳዩ በመግባቴ ይቅር ይበሉኝ። ሮማን ከነደብዳቤዎ ትናንት ደረሰች፤ ከዚያ ወዲህ ምግብ አልበላሁም። ስለ ጾሙ አይደለም።

እትዬ፣ ድብ ድኩላ አይደለም። ድኩላ ቢወራጭ ይራገጣል፤ አበቃ። ድብ የሰውን ራስ በአንድ መዳፉ የሚያዞር እንስሳ ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ድረስበት ማለት፣ እንዳትሄድ የተባለበት ሰዓት ላይ ሂድ ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ጠብቅ ያሉን እኮ ነፍሱ እስክትወጣ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ያህል አልፈራም ነበር፤ ሰምቶ ይተወዋል። ፍሬዘርን ግን እርስዎ ያውቁታል። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ከእርስዎ አልወጣም። ቤቱ በሄድኩ ቁጥር ስለ ጉልበትዎ፣ ስለ ጓሮዎ ጎመን ሳይቀር ይጠይቀኛል፤ ቀጥሎም እንደጠየቀ እንዳልነግርዎ ይለምነኛል። ይኸው ዛሬ ቃሌን አፈረስኩ። ከእናቱ በስድስት ዓመት ውስጥ የመጣችለት የመጀመሪያ ልመና ይህች መሆኗን ካወቀ፣ ገደሉን እንደ አባታችን ይሮጠዋል።

ስለዚህ አልነገርኩትም። ደብዳቤዎን ዳዊቴ ውስጥ ሸሽጌዋለሁ። በዕድሜዬ የእርስዎን መልእክት ሳላደርስ ስቀር ይህ የመጀመሪያው ነው። እለምንዎታለሁ፤ ይህን ነገር እንደተዉት አንድ መስመር ይጻፉልኝ። የምንነሣው ግንቦት 11 ነው።

ወንድምዎ ሀይለማርያም


ጎባ
ግንቦት 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀይለማርያም

በትንሣኤው ብርሃን ሰላም እልሃለሁ። ደብዳቤህ ከፋሲካ በኋላ ነው የደረሰኝ። በችኮላ ስለምጽፍ ፊደሉን ታገሠኝ።

በሮማን እጅ የላክሁት አንድ ወረቀት ብቻ አልነበረም። ለፍሬዘርም በተናጠል ጽፌለታለሁ፤ የአባታችንንም ቢላዋ በሻንጣዋ አስገብቼ ልኬለታለሁ። ያንን ባለቀንዱን። ለአንተ ያልነገርኩህ ትከለክለኛለህ ብዬ ነው።

እሱም መልሶልኛል። በገዛ እጁ። ፊደሉ እንደ ልጅነቱ ወደ ላይ ይወጣል። «እማዬ፣ እሺ። እንዳልሽው አደርጋለሁ» ይላል። ሌላ የለውም። ዳዊቴ ውስጥ ሳይሆን ትራሴ ሥር ነው ያስቀመጥኩት።

አሁን ድብ ምን እንደሆነ የጎረቤት ልጅ በስልኳ አሳየችኝ። ጥፍሩን አየሁት።

እንዴት አድርጌ ልመልሰው? ስድስት ዓመት ጠብቄ ያገኘሁትን አንድ እሺ፣ ተወው ብዬ ብጽፍበት አይደርስም፤ ቢደርስም ፈራች እንጂ ፈቀደች አይልም። አንተ መልሰው። ሀይለማርያም፣ አንተ ዕድሜህን በሙሉ የሰው ቃል አቃንተሃል። የእኔንም አቃናልኝ።

ይህ ወረቀት ከመነሳታችሁ በፊት እንዲደርስልኝ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ።

እህትህ


አውሮራ
ግንቦት 23 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ትርፌ

በመጀመሪያ ይህን ያንብቡ፤ ልጅዎ ደህና ነው። ሙሉ አካሉን ይዞ ዛሬ ሌሊት ሥራ ገብቷል። አሁን ቁጭ ይበሉና የቀረውን ያንብቡ።

የግንቦት አራቱ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከተመለስን በኋላ ነው። ቢላዋውን ከደብዳቤዎ በፊት ነበር ያገኘሁት።

ዋዮሚንግን አቋርጠን ሞንታና ስንገባ፣ በጥድ ተሸፍኖ ጥላ ጥላው ላይ ገና በረዶ የያዘ ሸለቆ ውስጥ ድንኳን ተከልን። ውብ ቦታ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት ከኋላው ድብ ሊደበቅበት የሚችለውን ዛፍ ብቻ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ። ሽኮኮ በደረቅ ቅጠል ላይ ሲያልፍ ያቺን የሚረጭ ጣሳ ታቅፌ ተነሥቻለሁ። ፍሬዘር አይቶኝ፣ «ጋሼ፣ የሚረጭበት ቀዳዳ ወደ እርስዎ ዞሯል» አለኝ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ዳቦ ሲቆርጥ የቀንዱን እጀታ አየሁ። የናሱ ምስማር አንዱ እንደጎደለ ነው።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«እማዬ ናት። ሮማን አመጣችልኝ።» ቢላዋውን በሱሪው ጠርጎ አገላበጠው። «ጻፈችልኝ እኮ ጋሼ። ሙሉ ገጽ።»

«ምን ብላ?»

«ሳይሞት ባርከህ እረደው ብላ። እሺ ብያታለሁ።»

«ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል ያልከኝ አንተ ነህ። አንተ ነህ የተረጎምክልኝ።»

«ግማሽ ሰዓት ከጠበቅኩ ይሞታላ። የሞተ ምኑ ይታረዳል?»

ክርክሩ ትክክል ነበር፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ስለ ጥፍሩ ነገርኩት፤ ያውቃል። ስለ ሊሊ፣ ስለ እኔ እርጅና ነገርኩት፤ ሰማኝ። በመጨረሻ ዳቦውን እየሰጠኝ፣ «ጋሼ፣ የእኔን እጅ ተጸይፋ ስድስት ዓመት ምንም አልጠየቀችኝም። አሁን አንድ ነገር ጠየቀች። ምን ልበላት?» አለኝ። ዳቦውን ተቀበልኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ድብ እንዳይመጣ ነበር የምጸልየው።

መጣ። ከሰዓት በኋላ ከሸለቆው ማዶ፣ ፀሐይ በሚመታው ተዳፋት ላይ፣ እንደ በሬ አንገቱን ደፍቶ ሣር ሲግጥ አየነው። ጥቁር ነው። ትከሻው ላይ ጉብታ የለም። ፍሬዘር ግልገል ይኖር እንደሆነ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳይነቅል ብዙ ቆየ። እኔ ግልገል እንዲወጣ ተመኘሁ። አልወጣም። ተኮሰ።

ድቡ ተንከባሎ ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በላይ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ፍሬዘር ጠመንጃውን እግሬ ሥር አስቀመጠው። አስቀመጠው ነው የምልዎ፣ እትዬ። ቢላዋውን መዝዞ ቁልቁል ወረደ። አባታችን ሲሮጡ አይቼ አላውቅም፤ እርስዎ እንዳሉት መጽሐፌን ይዤ ቀርቼ ነበር። ያን ቀን ግን አየኋቸው።

መነጽሩን አነሣሁ። በቅጠሎቹ መካከል የድቡ ጎን ከፍ ዝቅ ይላል። ስሙን ጠራሁ። ዞር ሳይል እጁን አወዛወዘልኝ። ተመለስ አልኩ። በረዶውን አልፎ ሸለቆው ሥር የምትፈስሰው ትንሽ ወንዝ ዳር ደርሶ ነበር። ወንዟ የምታስቆም አይደለችም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ድንጋዩ ነው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ልጁ አደጋ እንዳለ አጥቶት አይደለም። ቃል ስለገባ ነው የሚሮጠው። እንግዲያው የሚያስቆመው ማስጠንቀቂያ አይሆንም፤ ከቃሉ የሚፈታው ነገር ብቻ ነው።

ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። በሕይወቴ አውጥቼ በማላውቀው ድምፅ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» አልኩ። ተራራው መለሰው። ቀጥዬም፣ «ባርኬዋለሁ። የአባቴ ሥርዓት ነው። ሽማግሌ ካለ ከማዶ ይባርካል፤ ቢላዋ አያስፈልግም። ተባርኳል፤ ቁም» አልኩት።

ቆመ። አንድ እግሩ ውኃ ውስጥ፣ ቢላዋው በእጁ፣ ወደ እኔ ቀና ብሎ አየ። ብዙ ዘመን ጽፌአለሁ፣ ብዙም ተናግሬአለሁ፤ እንደዚያ ተደምጬ አላውቅም።

ቁጥቋጦው ተነቃነቀ። ድቡ ተነሣ፤ መጀመሪያ በፊት እግሮቹ፣ ቀጥሎ በሙሉ ቁመቱ። ድምፅ አላሰማም፤ ቢያሰማ ይሻለኝ ነበር። ቁልቁል ወደ ልጁ መጣ። ፍሬዘር አልሮጠም፤ አትሩጡ ተብለናል። ባለበት ደርቆ ቆመ። ጠመንጃው እግሬ ሥር ነው፤ አተኳኮሱን አላውቅም። ጣሳው እጄ ላይ ነው፤ ሸለቆ አይሻገርም። ድቡ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ደረሰ። ቁጭ አለ፤ እንደደከመው ሰው። ከዚያ ራሱን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠና አልተንቀሳቀሰም። ልጁ ሳይቆም ቢቀጥል ኖሮ እዚያ ድንጋይ ላይ ነበር የሚገናኙት።

ስንት ሰዓት እንደጠበቅን አላውቅም። ፍሬዘር ወደ ኋላ በዝግታ እየተራመደ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። ኮቴን አለበስኩት፤ የእኔም ጥርስ እንደዚያው ነበር።

«ጋሼ» አለኝ፣ «እውነት አያቴ እንዲህ ያደርጉ ነበር?»

«አዎ።»

«እማዬስ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

እንግዲህ እትዬ፣ በእርስዎ ስም ምስክርነት ሰጥቻለሁ። አባታችን እንዲህ ያለ ሥርዓት አልነበራቸውም። እዚያች ቦታ ላይ ቆሜ የሠራሁት ነው። ሰሞኑን ይጽፍልዎታል፤ መጠየቁ አይቀርም። የለም ያሉት እንደሆነ ልጁ ለእናቱ የገባውን ቃል ሳይፈጽም የቀረ ሰው ይሆናል፤ ሥጋውንም አይቀምሰውም፤ የሚቀጥለውን ጸደይ ደግሞ ቢላዋውን ይዞ ብቻውን ይሄዳል። አለ ካሉት ደግሞ በእርስዎ ዕድሜ ሐሰት አናግሬዎታለሁ። የትኛውን እንደምለምንዎ ያውቃሉ። ለመለመን ግን ድፍረቱ የለኝም።

የፈራ ወንድምዎ
ሀይለማርያም


ጎባ
ሰኔ 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀይለማርያም

ስለተቀበልኩት ምሕረት ሰገድኩ። አንተንም የጠበቀህ ይጠብቅህ።

ፍሬዘር ጽፎልኛል። ሦስት ገጽ። ስለ ተራራው፣ ስለ ወንዟ፣ አንተ ድንኳን ውስጥ ጣሳ ታቅፈህ ስለመተኛትህ። እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ ከዚያ ደግሞ ወንዟ ዳር ወደቆመበት ቦታ ስደርስ ማንበብ አቅቶኝ እስከ ማግስቱ አስቀመጥኩት። ሥጋው እስካሁን ሳይነካ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳለ ነግሮኛል። መልሴን እየጠበቀ ነው።

የአንተንም ደብዳቤ ለንስሐ አባቴ አነበብኩላቸው። አንዱን ቦታ ግን ዘለልኩት። ከማዶ መባረክ የሚል ሥርዓት የት ተጻፈ አሉኝ። አልተጻፈም፣ የአባቴ ነው አልኳቸው። አባትሽን አውቃቸዋለሁ፣ ሲያደርጉት አላየሁም አሉ። ጫካ ድረስ እሸኛቸው የነበርኩት እኔ ነኝ ብያቸው ሻያቸውን ቀዳሁ።

ለልጁም ይህንኑ ጻፍኩለት። አያትህ ያደርጉት ነበር፤ ጋሼህ አልዋሸህም፤ ቃልህን ፈጽመሃልና ብላ። ቢላዋው ያንተ ነው፤ ለዳቦ ይሁንህ።

ፖስታውን ከዘጋሁት በኋላ ግን ሐሳቡ አልተወኝም። ቃል ያን ሸለቆ ከተሻገረ፣ ባሕሩን የሚከለክለው ምንድን ነው? ከማዕድህ አልቀምስም ብዬዋለሁ፤ ያንን አላፈርስም፤ ደግሞም ርቀቱ አያደርሰኝም። መባረክን ግን አልማልኩበትም። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ፣ እህል ሳልቀምስ፣ ወደ እናንተ በኩል ዞሬ ማዕዱን እባርካለሁ። እኔም ሽማግሌ ነኝ።

ባትሪውን ላክልኝ። በስልክ ድምፁ ይገባኝ እንደሆነ ልሞክር።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቅልኝ፤ እኔ እንደጠየቅኩ ግን አትንገረው። እሑድ ምሳውን የሚያቀርበው በስንት ሰዓት ነው? የእናንተና የእኛ ሰዓት አይገጥምምና፣ ከመጉረሱ በፊት እንዲደርስለት ነው።

እህትህ ትርፌ